መጀመሪያ የማጺሉን ማማ፣ ከዚያ መንገዱን

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጤና ይስጥልኝ። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ሙቀቱ ሲበረታ፣ እዚህ እስራኤል ውስጥ ከአሽቀሎን ተነሥቶ ባሕሩን በግራ ይዞ እስከ ሰሜኑ ድንበር፣ እስከ ሮሽ ሃኒቅራ የመውጣት ሐሳብ በየቤቱ ይነሣል። ጥሩ ሐሳብ ነው። መንገዱ ሁሉ ተደምሮ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ሁለት ቀን ይበቃዋል። ስለዚህ ጉዞ በጋዜጣም በስልክም የሚደርሰን ምክር ግን ሁልጊዜ ከውበት ይጀምራል፦ የቄሳርያ የውኃ ቦይ፣ የዶር ደሴቶች፣ የሃቦኒም ዐለቶች። ቤተሰቡ ፎቶውን አይቶ መቆሚያውን ይመርጣል፤ ማጺል (የዋና ጠባቂ) መኖር አለመኖሩ የሚታወቀው መኪናው ከቆመ፣ ልጆቹም ልብሳቸውን ካወለቁ በኋላ ነው። እዚያ ደርሶ "አትግቡ" ብሎ ልጆቹን ወደ መኪና የሚመልስ ወላጅ ብዙ አይደለም።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው የዕቅዱ ቅደም ተከተል እንዲገለበጥ ነው። መጀመሪያ ማማው ይመረጥ፣ ቀጥሎ ሰዓቱ፣ ቀጥሎ ነፋሱና ማዕበሉ። መንገዱ፣ ምግቡና ፎቶው ከዚያ በኋላ በቀላሉ ይገጥማሉ።

በእስራኤል የባሕር ዳርቻ ሁሉ አንድ አይደለም። "ሆፍ ሙክራዝ" የሚባለው ለዋና የተፈቀደ፣ ማማና ማጺል ያለው፣ ውኃውም የሚመረመር ዳርቻ ነው። ሌላው "ሃራሕጻ አሱራ" ማለትም "መዋኘት ክልክል ነው" የሚል ሰሌዳ የተተከለበት ነው። ዕብራይስጥ የማያነቡ እናትና አያት አብረው ስለሚሄዱ የዚህን ሰሌዳ መልክና ትርጉም ከቤት ሳይወጡ ማሳየት ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ሰሌዳውን የማዘጋጃ ቤት ማስፈራሪያ ያደርገዋል። ነገር ግን በየበጋው ባሕር ከሚወስዳቸው ሰዎች አብዛኞቹ የሚሰጥሙት ማጺል በሌለበት ዳርቻ፣ አለዚያም ማጺሉ ሥራውን ጨርሶ ከወረደ በኋላ ነው። የዋናው ወቅትም ዓመቱን ሙሉ አይደለም፤ በየዓመቱ የሚወሰን ሲሆን በጥቅሉ ከፔሳሕ በዓል ሰሞን (መጋቢት ወይም ሚያዝያ) እስከ ሱኮት በዓል ሰሞን (መስከረም ወይም ጥቅምት) ይዘልቃል። ከዚያ ውጭ ማማው ቢኖርም በአብዛኛው ባዶ ነው።

በማማው ላይ የሚሰቀለው ባንዲራ ሦስት ቀለም አለው። ነጭ ከሆነ ባሕሩ ረጋ ያለ ነው፤ መዋኘት ይቻላል። ቀይ ከሆነ ባሕሩ አደገኛ ነው፤ ጎበዝ ዋናተኛ ካልሆኑ አለመግባት፣ ሕፃንና ሽማግሌ ደግሞ ፈጽሞ አለመግባት። ጥቁር ከሆነ ማንም አይገባም። ባንዲራው በቀኑ ውስጥ ይቀየራል፤ ጠዋት ነጭ የነበረው ከቀትር በኋላ ቀይ ሊሆን ስለሚችል፣ ከምሳ በኋላ ልጆቹ ተመልሰው ከመግባታቸው በፊት ቀና ብሎ ማየት ልማድ ይሁን። ባንዲራ የማይታይ ከሆነ ማጺሉ የለም ማለት ነውና ዳርቻውን እንደ ክልክል መቁጠር ነው።

አሁን በእኛ ማኅበረሰብ ብቻ ወደሚያጋጥመው ችግር ልምጣ፤ እርሱም ሰዓት ነው። በማማው ላይ የሚጻፈው ሰዓት የእስራኤል ሰዓት ነው። ልጅ አያቷን "ማጺሉ እስከ 5 ሰዓት አለ" ስትል ማለቷ 17:00 ነው፣ በአበሻ አቆጣጠር ከቀኑ 11 ሰዓት። በኢትዮጵያ ሰዓት የምትኖር አያት ግን "እስከ 5" ሲባል የምትሰማው የምሽት 5ን ነው፤ ስለዚህ ልጆቹን ይዛ ከማታ ጥላው ጋር ወደ ውኃው ትወርዳለች። የወረደችበት ሰዓት ማጺሉ ቁልፉን ይዞ የሄደበት ሰዓት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ በቤተሰቡ ስልክ ላይ የሚጻፈው ዕቅድ በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ። እኔም ከዚህ በታች እንዲሁ አደርጋለሁ።

ስለ ነፋስና ማዕበል። የሜዲትራኒያን ውኃ በቀን ውስጥ የሚሞላውና የሚጎድለው ጥቂት ነው፣ ግማሽ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ስለዚህ ስለ ባሕር ሙላት ማሰብ አያስፈልግም። የሚወስነው ነፋስ ነው። በበጋ ንጋት ላይ ባሕሩ ብዙ ጊዜ እንደ ሰሐን ይተኛል። ፀሐይ የብሱን እያሞቀች ስትሄድ ከምዕራብና ከሰሜን ምዕራብ ነፋስ ይነሣል፤ ከረፋዱ 4 ወይም 5 ሰዓት (10:00 ወይም 11:00) ጀምሮ ማዕበሉን ይቀሰቅሰዋል፣ ከቀትር በኋላ ይበረታል። ስለዚህ ትንንሽ ልጆች የሚዋኙት ጠዋት ነው። የሚዋኙበት ዳርቻም የጠዋቱ የመጀመሪያ መቆሚያ ይሁን እንጂ "ስንመለስ" ተብሎ ለማታ አይተው።

በዋዜማው ማታ የሜቴዎሮሎጂ አገልግሎት የሚያወጣውን የማዕበል ከፍታ ማየት ነው። እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ለልጆች ይሆናል። ከ50 ሴንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር ከሆነ አዋቂ እስከ ወገቡ፣ ልጅ በአዋቂ እጅ ተይዞ ውኃው ዳር። ከ1 ሜትር በላይ ከሆነ ባሕሩን ትቶ ዕቅዱን መቀየር ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ውስጥ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ለእንዲህ ያለው ቀን የሚሆን ሁለተኛ ዕቅድ ከቤት ይዞ መውጣት ያስፈልጋል። ከሐዴራ አካባቢ በ65 ቁጥር መንገድ ወደ ምሥራቅ ቢታጠፍ ጋን ሃሽሎሻ፣ ሰው "ሳኽኔ" የሚለው የምንጭ ገንዳ አለ፤ ውኃው ዓመቱን ሙሉ 28 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ማጺልም አለው። ጥልቅ ገንዳዎች ስላሉት ግን ዋና ለማያውቅ ልጅ እዚያም ጠባቂ ዓይን ያስፈልጋል።

በመዋኛ ገንዳ የተማረ ልጅ ባሕርን አያውቅም። ገንዳ ውስጥ ውኃው አይጎትትም። በባሕር ማዕበሉ ወደ ዳር ያመጣው ውኃ የሚመለስበት መንገድ ይፈልጋል፤ በአሸዋ ጉብታዎች መካከል ሰርጥ አበጅቶ ወደ ጥልቁ ይሮጣል። ይህን ማጺሎቹ "ዜሬም ሶሔፍ" ይሉታል። የሚያሳዝነው፣ ከዳር ሆኖ ለሚያይ ሰው በጣም ደህና መስሎ የሚታየው ቦታ እርሱ ነው። ግራና ቀኙ ማዕበል እየተሰበረ አረፋ ሲነጣ፣ መካከሉ ዝም ብሎ ጠቆር ያለ ሜዳ ይመስላል። እናት ልጇን "እዚያ ማዕበል የለም፣ እዚያ ግባ" የምትለው ወደዚያ ነው። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው ለዚህ ይሆናል። ለመለየት አምስት ደቂቃ ቆሞ ማየት ይበቃል፦ አረፋው ወይም ቅጠሉ ወደ ዳር ሳይሆን ወደ ውስጥ የሚሄድበት መስመር ካለ፣ ውኃው ከጎኑ ይልቅ የጠቆረና በአሸዋ የደፈረሰ ከሆነ፣ ማዕበሉ እዚያ ላይ የማይሰበር ከሆነ፣ ያ ሰርጥ ነው።

የተያዘ ሰው የሚሞተው ጅረቱ ወደ ታች ስለሚጎትተው አይደለም፤ ወደ ታች አይጎትትም። የሚሞተው ዳሩን እያየ ወደ እርሱ ቀጥ ብሎ ስለሚዋኝና ስለሚደክመው ነው። ስለዚህ ልጆችን ከቤት ሳይወጡ እንዲህ ማስጠናት ይገባል፦ በጀርባ ተንሳፈፍ፣ አትታገል፣ አንድ እጅህን ወደ ላይ አንሥተህ አወዛውዝ። ጉልበት ካለህ ከዳሩ ጎን ለጎን ዋኝ፤ ሰርጡ ጠባብ ስለሆነ ቶሎ ታልፈዋለህ፣ ከዚያ ማዕበሉ ራሱ ይመልስሃል። ዳር ላይ ያለው ሰው ደግሞ ልብሱን አውልቆ ተከትሎ መግባት የለበትም፤ አንድ ሰጥሞ ሁለት የሚሆነው በዚህ ነው። ወደ ማማው ይጩኽ፣ 101 (ማጌን ዳቪድ አዶም፣ የአምቡላንስ አገልግሎት) ይደውል፣ የሚንሳፈፍ ነገር ይወርውር። የጺዳኒት (የምግብ ማቀዝቀዣ ሣጥን) ክዳን ይንሳፈፋል፤ ባዶ የ5 ሊትር የውኃ ፕላስቲክ ክዳኑ ጠብቆ ከተዘጋ አንድ ሰው ይይዛል። አንድ እንዲህ ያለ ባዶ ፕላስቲክ ገመድ አስሮ ከውኃው አጠገብ ማስቀመጥ ምንም ወጪ የለውም።

ማዕበል ሰባሪ ድንጋይ ባለበት ዳርቻ፣ በቴል አቪቭና በናታንያ እንደሚታየው፣ ከድንጋዩ ኋላ ውኃው ይረጋል። ለልጅ ደግ ነው። በድንጋዩ ጫፍና በሁለቱ ድንጋዮች መካከል ባለው ክፍተት ግን ጅረቱ ይበረታል፣ ከሥሩም ጉድጓድ ይኖራል። ልጆቹ መካከሉ ላይ ይጫወቱ፣ ወደ ጫፉ አይጠጉ፣ ድንጋዩ ላይ አይውጡ፤ ድንጋዩ አረንጓዴ ለብሶ ያንሸራትታል፣ ዛጎሉም እንደ ምላጭ ነው። የሚነፋ ፍራሽና ጎማ ከቤት ባይወጣ ይሻላል። በማለዳ ከየብስ ወደ ባሕር የሚነፍሰው ቀስተኛ ነፋስ ሕፃን የተኛበትን ፍራሽ ማንም ሳያስተውል ይገፋዋል።

የወንዝ አፍም ለዋና አይሆንም። የአሌክሳንደር፣ የሐዴራ፣ የታኒኒምና የሌሎቹም ወንዞች መግቢያ ቆሻሻና ጅረት ያመጣል። በሐዴራ ወንዝ አፍ በኩል ያለው የኤሌክትሪክ ማመንጫ የሚለቀው ሙቅ ውኃ ከበጋ ውጭ ባሉት ወራት ሻርኮችን ይሰበስባል፤ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2025 በሚያዝያ አካባቢ እዚያ ዋናተኛ ተገድሏል። እዚያ መዋኘት ክልክል ነው።

አሁን መንገዱን ልዘርጋ። ከአሽቀሎን ወይም ከአሽዶድ ለሚነሣ ቤተሰብ በሥራ ቀን ከሌሊቱ 11፡30 (5:30) መውጣት ዋጋ አለው። ምክንያቱ የቴል አቪቭ መጨናነቅ ነው። ከጠዋቱ 1 ሰዓት (7:00) በፊት የከተማውን የአያሎን አውራ ጎዳና አልፎ 2 ቁጥር መንገድ ላይ ያልገባ መኪና የጠዋቱን የረጋ ባሕር መኪና ውስጥ ሆኖ ያሳልፈዋል። 6 ቁጥር መንገድ ሊያሳጥር ይችላል፤ ካሜራው ታርጋውን አንሥቶ ሒሳቡን ለመኪናው ባለቤት ስለሚልክ፣ የተዋሰ መኪና የሚነዳ ሰው ለባለቤቱ አስቀድሞ ይንገር። ከሃይፋ የካርሜል ዋሻ መንገድም እንዲሁ ያስከፍላል።

የመጀመሪያው መቆሚያ ናታንያ ይሁን፣ የሲሮኒት ዳርቻ። የምመርጠው ስለ ጉልበታቸው ለሚጨነቁ አያቶች ነው። የናታንያ ዳርቻ ከገደል በታች ነው፤ ሲሮኒት ግን ከላይ ከመናፈሻው እስከ አሸዋው የሚያወርድ አሳንሰር አለው፤ 70 ዓመት የሞላቸው እናት በደረጃ አይሰቃዩም። ከ1 ወይም ከ2 ሰዓት (7:00 ወይም 8:00) ማጺሉ ማማው ላይ ሲወጣ ጀምሮ እስከ 4፡30 (10:30) ልጆቹ ይዋኙ። አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፦ ጥላ ስለሚሰጥ ብቻ ከገደሉ ግርጌ አትቀመጡ። ገደሉ ኩርካር የሚባል ልል የአሸዋ ድንጋይ ነው፣ ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ ይናዳል። በናታንያም፣ በቤት ያናይም፣ በሄርጽሊያም ከአፖሎኒያ በታች፣ በአሽቀሎንም እንዲሁ ነው። አጥር ካለ ከአጥሩ ውጭ፣ አጥር ከሌለም ወደ ውኃው ጠጋ ብሎ መቀመጥ ነው።

ከዚያ ወደ ቄሳርያ የውኃ ቦይ ዳርቻ። ይህ ብዙ ሰው ፎቶ አይቶ የሚመኘው ቦታ ነው፤ ሮማውያን ከካርሜል ግርጌ ምንጮች ውኃ ያመጡበት ቅስት ከአሸዋው ላይ ቆሟል፣ ማየቱ ያስደስታል። ነገር ግን የቦዩ ዳርቻ ማጺል የለውም። ግማሽ ሰዓት፣ ጫማ እንደተደረገ፣ ልብስ እንደተለበሰ ይታያል፤ ልጆቹ "አንድ ጊዜ ብቻ" ሲሉ እሺ እንዳይባል ዋናው ናታንያ ላይ ጠግበው እንዲወጡ ማድረግ ነው። የሃቦኒምን ዐለቶችም በዚሁ መንገድ ነው የማየው፤ ለእግር ጉዞ ያማረ ነው፣ ሰው ያለበት ማማ ካላያችሁ ግን ውኃው አይነካ።

ከ5 እስከ 10 ሰዓት (11:00 እስከ 16:00) ያለው ጊዜ ለባሕር አይሆንም። ፀሐዩ ይከብዳል፣ ነፋሱ ይነሣል፣ አሸዋው ባዶ እግር ያቃጥላል። ዕቅድ የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው፤ ሰው ለዚህ ሰዓት ምንም ስለማያስብ ልጆቹ ውኃው ውስጥ ይቀራሉ። በዶር አጠገብ በናሕሾሊም ኪቡትዝ የሚዝጋጋ ሙዚየም አለ። ፈረንሳዊው ባለጸጋ ባሮን ሮትሺልድ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1891 ለዚክሮን ያዕቆብ ወይን ጠርሙስ እንዲሠራ ያቆመው የመስታወት ፋብሪካ ነበር፤ ኋላ የቴል አቪቭ የመጀመሪያ ከንቲባ የሆነው ሜኢር ዲዘንጎፍ ነው ይመራው የነበረው። ከባሕሩ የወጣ ብዙ ጥንታዊ ዕቃ በጥላ ሥር ይታይበታል። የሚከፈትበትን ሰዓት ደውሎ መጠየቅ ነው። ከዚያ ጥቂት መራመድ የዶር ዳርቻ ላይ ያደርሳል፤ ፊት ለፊት ያሉት ትንንሽ ደሴቶች ማዕበሉን ስለሚያበርዱት ከ10 ሰዓት (16:00) እስከ ማጺሉ መውረጃ ድረስ ለማታ ዋና ይሆናል። በደሴቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ግን ስለ ማዕበል ሰባሪው ጫፍ የተናገርኩትን ሁሉ ይመለከታል፤ ወደ ደሴቶቹ መሻገር የለም።

በሁለተኛው ቀን አክዚቭ ብሔራዊ ፓርክ የጠዋቱ መቆሚያ ይሁን። ዐለቱ ያቆራቸው ጥልቀት የሌላቸው የባሕር ገንዳዎች አሉት፣ ሣርና ጥላም አለው፤ ለሕፃናት ከዚህ የተሻለ ቦታ በዚህ ጉዞ ላይ የለም። የሌሊት ማደሪያ ካምፕ ስላለው ዋዜማውን እዚያ ማደር ይቻላል። ቦታ አስቀድሞ በኢንተርኔት ማስያዝ ግዴታ እንደሆነ ይቆጠር፤ በነሐሴ በር ላይ ደርሰው የሚመለሱ ብዙ ናቸው። ዐለቱ ስለት ነውና የውኃ ጫማ ያስፈልጋል። ሮሽ ሃኒቅራ ከዚያ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ ነጩ ገደልና ዋሻው ይታያል፣ አይዋኝበትም። ድንበር ስለሆነ ከመውጣት በፊት የፒኩድ ሃዖሬፍን (ሲቪሉን ሕዝብ የሚጠብቀው የጦር ክፍል) መመሪያ ማየት ወይም 104 መደወል ነው። ቀትሩን አኮ ውስጥ፣ በመስቀል ጦረኞች ባላባቶች አዳራሽ ቀዝቃዛ የድንጋይ ግንብ ሥር ማሳለፍ ያዋጣል። በአኮ ወጣቶች ከከተማው ግንብ ወደ ባሕር ሲዘሉ ይታያሉ፤ የእኛ ልጆች እንዳይከተሏቸው ቀድሞ መነገር አለበት፤ ከታች ዐለት ነው። የማታው ዋና በሃይፋ ዳዶ ዳርቻ፣ ወደ ቤት ጉዞ ደግሞ ከምሽቱ 2 ሰዓት (20:00) በኋላ። መኪና የሌለው ቤተሰብ ባቡሩ ሃይፋ ሆፍ ሃካርሜል ጣቢያ ከዳርቻው አጠገብ ያወርደዋል።

ሰንበት የሚጠብቅ ቤተሰብ ይህን በእሑድና በሐሙስ መካከል ቢያደርግ ሕዝቡም ይቀልለታል። በተለየ ዳርቻ (ሆፍ ኒፍራድ) መዋኘት የሚፈልግ ደግሞ ቀኑን ማጣራት አለበት፤ በቴል አቪቭ የኖርዳው ዳርቻ ለምሳሌ እሑድ፣ ማክሰኞና ሐሙስ የሴቶች፣ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ የወንዶች ነው። አባትና ልጃገረድ በአንድ ቀን አይገቡበትም።

እናቶቻችን በቀሚስ ወደ ውኃ መግባታቸውን አላወግዝም፤ ጨዋነት ነው። የጥጥ ቀሚስ ግን ሲርስ ይከብዳል፣ በእግር ይጠመጠማል፣ የሚመለሰው ማዕበል ይዞት ይጎትታል። ጉልበት ድረስ ባለ ውኃ እንኳ ሰው ይወድቃል። ውኃ የማይይዝ ጨርቅ ያለው ረጅም የዋና ልብስ በየገበያው አለ፤ እርሱ ከሌለም በተቀመጡበት ማዕበሉ እግር ብቻ የሚነካበት ቦታ ይሻላል። ጥቁር ቆዳ ፀሐይ አይጎዳውም የሚለውም ስሕተት ነው። ክሬሙ ቢያንስ 30 ቁጥር ሆኖ በየ2 ሰዓቱ ይደገም። ከክሬሙም ይልቅ ጥላና ውኃ ይበልጣል፤ በነሐሴ የባሕሩ ውኃ ራሱ ወደ 30 ዲግሪ ስለሚጠጋ ውስጡ የሚጫወት ልጅ መድረቁን አያውቀውም። ለስድስት ሰው ለአንድ ቀን 15 ሊትር የመጠጥ ውኃ እይዛለሁ ብሎ ማቀድ ብዙ አይደለም። ከዚያ ውስጥ አራቱን የ1 ሊትር ተኩል ጠርሙስ በዋዜማው ማቀዝቀዝ፤ በጺዳኒቱ ውስጥ በረዶ ሆነው ምግቡን ይጠብቃሉ፣ ሲቀልጡ ይጠጣሉ።

ዶሮ ወጥ ለቤት ይቆይ። ከ32 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ከቅዝቃዜ ውጭ አንድ ሰዓት የቆየ ወጥ፣ ሥጋ ወይም እንቁላል መጣል አለበት። ድፎ ዳቦ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና ሐብሐብ ለዚህ ጉዞ የተፈጠሩ ናቸው። ቡና ለማፍላት ከሰል የሚያያይዝ ሰው በተፈቀደበት ቦታ ብቻ ያያይዝ፤ ሲጨርስም ከሰሉን አሸዋ ውስጥ አይቅበረው። የተቀበረ ፍም ለሰዓታት ይቆያል፣ ላዩ ግን እንደ ማንኛውም አሸዋ ነው፤ የሚረግጠው ሌላ ሕፃን ነው። ውኃ ደጋግሞ አፍስሶ፣ ቀዝቅዞ፣ ከረጢት ውስጥ ይወሰዳል።

ሜዱዛ፣ ያ የሚነድፈው ለስላሳ የባሕር እንስሳ፣ ብዙውን ጊዜ በሰኔ መጨረሻ በአውሮፓ አቆጣጠር መጥቶ ሐምሌን ይቆያል። ቀን መምረጥ የሚችል ሰው ከነሐሴ አጋማሽ በኋላ ቢሄድ ያመልጠዋል። ሜዱዛው ሳይታይም ውኃው ቆዳ ሊያቃጥል ይችላል፤ የተበጣጠሰ ክሩ ስለሚንሳፈፍ ነው። ከነደፈ በባሕር ውኃ ማጠብ፣ የተጣበቀውን ክር በካርድ ጠርዝ ማንሣት፣ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ መያዝ። የቧንቧ ውኃ፣ ኮምጣጤ፣ በአሸዋ ማሸት፣ ሦስቱም ያልፈነዳውን መርዝ ስለሚያፈነዱ ክልክል ናቸው። ዓይን ከነካ ወይም ትንፋሽ ካጠረ 101።

ልጆችን ስለ መጠበቅ፦ "ሁላችንም እያየን ነው" ማለት ማንም አያይም ማለት ነው። ተራ ይያዝ። አንድ አዋቂ 20 ደቂቃ፣ ስልኩ ኪሱ ውስጥ፣ ሁለት ልጅ፤ ከ5 ዓመት በታች ከሆነ እጅ የሚደርስበት ርቀት ላይ። ውኃው ልጆቹን ወደ ጎን ስለሚወስዳቸው በየ15 ደቂቃው ወጥተው ከማማው ፊት ለፊት እንዲገቡ ማድረግ ያስፈልጋል፤ አለዚያ የሚወጡት ከማያውቁት ሕዝብ መካከል ነው። የወላጅ ስልክ ቁጥር በክንዳቸው ላይ በማይለቅ እስክሪብቶ ይጻፍ። የጠፋ ልጅ ሲኖር ቀጥታ ወደ ማማው መሄድ፤ ማጺሉ ድምፅ ማጉያ አለው።

የመኪና ነገር አጭር ነው። ሰማያዊና ነጭ የተቀባ ጠርዝ በፓንጎ ወይም በሴሎፓርክ የስልክ መተግበሪያ የሚከፈልበት፣ ቀይና ነጭ የማይቆምበት ነው። መኪና አሸዋ ላይ መንዳት ክልክል ነው። የኤሌክትሮኒክ ቁልፍ የባሕር ውኃ ከነካው መኪናውን አያስነሣም፤ ውኃ ከማይገቡት አያት ጋር ይቆይ። የተኛ ሕፃን ግን መኪና ውስጥ ለአንድ ደቂቃም አይቆይም፤ መስኮት መክፈት አያድነውም።

ከእናንተ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። በበጋው ወራት በየሳምንቱ አንዲት ትንሽ ሣጥን በጋዜጣችሁ ላይ ይሰጠን። ብዙ ሰዎቻችን የሚኖሩባቸው የአሽቀሎን፣ የአሽዶድ፣ የናታንያ፣ የሐዴራና የሃይፋ ሙክራዝ ዳርቻዎች ስም፣ ማጺሉ የሚገባበትና የሚወጣበት ሰዓት በእስራኤልም በአበሻም አቆጣጠር፣ የሦስቱ ባንዲራዎች ትርጉም፣ 101። ሰዓቱ በወሩ ስለሚለዋወጥ ከየማዘጋጃ ቤቱ ተጠይቆ ይታደስ። ፊደሉም ትልቅ ይሁን፤ ቆርጠው ማቀዝቀዣ ላይ የሚለጥፉት አያቶች ናቸውና።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የዘወትር አንባቢያችሁ